ጠበቃው ያስቀጸሉት ምስክር

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ወጣት መምህር ሳለሁ ነው። ስለ ፍትሕ ብዙ አንብቤ ስለነበር የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን የደነገጥሁትን ያህል ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልደነገጥሁም።

አጎቴን አያ ታረቀኝን ጎረቤቱ «በሬው ከእኔ በረት የጠፋ ነው» ብሎ ከሰሰው። አጎቴ ግን በሬውን ገና ጥጃ ሳለ ከወገዳ ገበያ ገዝቶ ያሳደገው ነው። የዘር ወቅት ደርሷል። ጥማዱ ከተፈታ ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ እንጃ።

ለከሳሽ የቆሙት በአገሩ የተከበሩ ጠበቃ ናቸው። በዚያ ሁሉ አቧራ ከረባታቸውን የማያወልቁ፣ ለእኔም መጽሐፍ የሚያውሱኝ ሰው ነበሩ። ከልቤ አደንቃቸው ነበር።

ዋናው ምስክር ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን የተማሩ ደብተራ ናቸው። እዚያ ትምህርቱ በቃል ነው። የኔታ ሲያስቀጽሉ፣ ተማሪው ያሉትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልሳል። ቃል መጣል ነውር ነው።

ደብተራው ማሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

«በሬው የተወለደው ከከሳሽ ቤት ነው። ግንባሩ ቦቃ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ዝም በል። ከዚያ ዳኛውን እያየህ፣ እኔ ለማንም አላደላም በል። ጊዜውን ከጠየቁህ አትቸኩል፤ የምታስታውስ ምሰል።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«መሪጌታ፣ ዝም በል ያለዎት ማን ነው?»

ደብተራው ወደ ጠበቃው አመለከቱ። «የኔታ ናቸዋ!»

ጠበቃው ብድግ አሉ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ ደክሟቸዋል።»

ደብተራው ተቆጡ። «ምን ደከመኝ! ትናንት ሲያስቀጽሉኝ ውለው አንድ ቃል ጣልሁ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ደንግጬ በጠበቃው ላይ አፈጠጥሁ። የማደንቃቸው ሰው የአጎቴን ጥማድ ለማስፈታት ሲያስጠኑ ነው የዋሉት።

በሬው ለአጎቴ ተፈረደ። ከወራት በኋላ ጠበቃው የጥብቅና ፈቃዳቸውን መነጠቃቸውን ሰማሁ። ደስ ይለዋል ብዬ ማሳው ድረስ ሄጄ ለአጎቴ ነገርሁት። ሞፈሩን ለቆ ራሱን ያዘ።

«አዬ! እንዲያ ያለ ጠበቃ ይነጠቃል?»

«አያ፣ በሬህን ሊያስወስዱብህ የነበሩት እኮ ናቸው!»

«እሱማ ናቸው። የድንበር ነገር አለብኝ፤ ዘንድሮ እሳቸውን ልይዝ ነበር። አንተ መምህር ተብየ፣ ምኑ ይገባሃል? የሳቱት ምስክር ሲመርጡ ነው።»

ችሎት ውስጥ የደነገጥሁት ድንጋጤ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀኝ፤ አጭበርባሪ ጠበቃ በየአገሩ አለ። ማሳው ላይ የያዘኝ ግን ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም አልለቀቀኝም።