አንድ ነጥብ ስምንት

መብራህቱ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ አካባቢ ባለ ጋራዥ ውስጥ ባቲላሜራ ነው፤ የተጨራመተ የመኪና አካል በመዶሻ ቀጥቅጦ ወደ ቅርጹ ይመልሳል። በ2000 ዓ.ም. ህንድ አገር ሄዶ ግራ ኩላሊቱን ለታናሽ እህቱ ለሰምሃል ሰጠ። ሁለቱም በሰላም ተመለሱ። ሰው «ጀግና ነህ» ሲለው ያፍራል፤ ወሬውን ወደ መኪና ያዞራል።

ሐኪሞቹ «በየዓመቱ ደምህንና ሽንትህን ተመርመር» ብለውት ነበር። ሦስት ዓመት ተመረመረ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ሰውነቱም ደህና ነበር፤ ተወው። በ2005 ክረምት ግን አንድ ደንበኛው፣ የታክሲ ሾፌር፣ «ወገቤን» ሲል ከርሞ በኩላሊት ሞተ ተባለ። መብራህቱንም ያን ሰሞን ወገቡን ያመው ስለነበር ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ በቀን አንድ ይውጥ ነበር። ከቀብር መልስ ባምቢስ ጋ ካለ ክሊኒክ ገብቶ ደም ሰጠ።

በማግስቱ ውጤቱን በመስኮት አቀበሉት። «ክሬቲኒን» ከሚለው ፊት ለፊት 1.8 ተጽፏል። ጎኑ ላይ «እስከ 1.2» ይላል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ወደ ላይ ያነጣጠረ ቀይ ቀስት አለ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አላት ወረቀቱን የሰጠችውን ልጅ።

«ከፍ ብሏል። ለሐኪም ያሳዩት» አለችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ለሐኪም አላሳየም። አጥፎ ቱታው ኪስ ከተተው። ሰምሃል ብትሰማ «እኔ ነኝ የገደልኩህ» እንደምትል ያውቃል። ስትደውል «ሥራ ላይ ነኝ፣ በቃ እደውላለሁ» ይላታል፤ አይደውልም። እሁድ እሁድ ካሳንቺስ እሷ ቤት ምሳ መብላቱንም ተወ። የቀረችው ኩላሊት ሥራ እንዳይበዛባት ብሎ ውሃ ቀነሰ። ወገቡ ሲጠዘጥዘው «ኩላሊቴ ናት የምታመኝ» ይልና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ዳይክሎፌናክ ይጨምራል፤ በቀን አንድ የነበረው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። እጁ መዶሻ ይዞ ልቡ ቤት ያሉት ትንንሽ ልጆቹ ጋ ነው፤ «ብሞት ማን ያሳድጋቸዋል?» ይላል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ሰምሃል ሳትደውል ጋራዡ ድረስ መጣች።

«ሓወይ» አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ከስተሃል። ደሞ ዓይኔን አታየኝም። ምን ሆነሃል?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ አልሆነለትም። ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣትና አንገቱን ደፋ።

የጠበቀው ለቅሶ ነበር። ሰምሃል ግን አምስት ዓመት ሙሉ የራሷን ክሬቲኒን ስትከታተል የኖረች ሰው ናት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«በፊት ስንት ነበርክ?»

«አንድ ነጥብ ሦስት። ሦስቱንም ዓመት።»

«ያኔም ከ1.2 በላይ ነበር። ምን አሉህ?»

«ለአንተ ደህና ነው አሉኝ።»

«አየህ? እዚህ የተጻፈው ሁለት ኩላሊት ላለው ሰው ነው። አንተ የምትወዳደረው ከራስህ የድሮ ውጤት ጋር ነው።» ቁጥሩን በጣቷ ነካች። «1.8 ግን ለአንተም ብዙ ነው፤ አልዋሽህም። መድኃኒት ትወስዳለህ?»

የኪኒኑን እሽግ ከኪሱ አወጣ። ፊቷ የተለዋወጠው ያኔ ነው።

«ይሄን? በቀን ስንት?»

«ሦስት። ኩላሊቴን ስላመመኝ…»

«እሱን እኮ ኩላሊት ይጎዳል ብለው እኔ እንዳልነካ ነው የሚያስጠነቅቁኝ! አንተን አልነገሩህም?»

ነግረውት ነበር። ረስቶታል።

በዚያው ቀን እሷን ወደምትከታተላት ሐኪም ይዛው ሄደች። ዶክተሯ ግፊቱን ለካች፣ ወገቡን ነካክታ አየች፣ ሽንት አዘዘች።

«ወገብህ የጡንቻ ሕመም ነው የሚመስለው» አለችው። «ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ያጣራዋል። ማጣራቱ ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ግን አንድ ቁጥር ብቻውን ጉዳቱ ይለፍ አይለፍ አይነግረኝም። ኪኒኑን ዛሬውኑ አቁም፣ ውሃህን ጠጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እናያለን።»

«ካልወረደስ?»

«ሌላ ምርመራ እናደርጋለን። አሁን ቃል ልገባልህ አልችልም።»

ያን ሁለት ሳምንት መብራህቱ ሁለት ጊዜ አውራ ጣቱን በመዶሻ መታ። የፊያት በር ነው ብሎ ቀጥቅጦ የጨረሰውን የሌላ መኪና በር ሆኖ አገኘው። ሰምሃል በየቀኑ ትደውላለች፤ አሁን ያነሳል፤ ሁለቱም ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ውጤቱ በወጣ ቀን ወረቀቱን ሳያይ ለእሷ አሳለፈላት።

«አንቺ አንብቢው።»

«አንድ ነጥብ አራት» አለች። ቀጥላ ሁለተኛውን ወረቀት አየች። «ሽንትህም ፕሮቲን የለበትም፤ ይሄም ጥሩ ምልክት ነው።»

መብራህቱ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ሰምሃል ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው።

«እኔ እንዳልሰማ ብለህ ብቻህን ልትሞት ነበር?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«እኔ መጨነቅ እችላለሁ። ማለቴ… ንገረኝ ብቻ፣ እሺ?»

«እሺ» አላት።

ከሦስት ወር በኋላ 1.3 ሆነ። ዶክተሯ ከዚህ ወዲያ ምርመራው እንዳይቋረጥ አስጠነቀቀችው። ወገቡ ግን አሁንም ይይዘዋል፤ ከባድ በር ማንሳት ሲመጣ ሰው ይጠራል።