ቡናማዋ የፊርማ ሰሌዳ

ከባለቤቴ ዕቃዎች ሁሉ የምሳሳላት አንዲት ሰሌዳ ናት። ከላይ ወረቀት የሚይዝ የብረት መቆንጠጫ አላት፤ ጠርዟ ተልጧል። ስለሷ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቻለሁ። ስለሷ ከጻፍኩ ስለ ታችኛው ቤት ጎረቤታችን መጻፌ አይቀርም፤ ስለሳቸው ከጻፍኩ ደግሞ ያጠፋሁትን መናገር አለብኝ።

የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ጻይልስሃይም የሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ፣ ከኬሚካል ፋብሪካው ብዙ በማይርቅ አሮጌ የኪራይ ፎቅ ቤት ነበር። እኛ ላይ ነን፣ እሳቸው ታች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ ናቸው፤ ሚስታቸውን ቀብረው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤቴም በዚያው የፋብሪካ በር ይገባ ነበር፤ ግን በሌላ ድርጅት ስም፣ በኮንትራት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ስለ ሥራ ሲያወሩ፣ እሱ የሚሠራው እሳቸው ይሠሩት የነበረውን መሆኑ ታወቀ።

"እንግዲያው ሥራዬን የወሰድከው አንተ ነህ" አሉት።

"ሥራውንማ ሰጡኝ፤ ደሞዝዎን የት እንደደበቁት ነው ያላወቅሁት" አላቸው።

ሳቃቸው እላይ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ "ሄር ናህባር" ይላቸው ጀመር፤ አቶ ጎረቤት ማለት ነው። ዓርብ ዓርብ ሽሮ እንልክላቸዋለን። እሳቸው "ቢጫው ሾርባ" ይሉታል፤ በማንኪያ ነው የሚበሉት። እንጀራውን አጣጥፈው ለነገ ያስቀምጡታል።

በፈረንጆቹ 2006 መሰለኝ፣ ቤቱ ለማናውቀው ኩባንያ ተሸጠ። ወዲያው ኪራይ የሚጨምር ደብዳቤ በየፖስታ ሳጥናችን ገባ። ሽማግሌው ደብዳቤውን ይዘው ወደኛ ወጡና ፊርማ እናሰባስብ አሉ። ባለቤቴ ይህችን ሰሌዳ ከሥራ ቦታው አመጣ። እሳቸው ያስረዳሉ፣ እሱ ሰሌዳዋን ይይዛል። ቁርሾ ያላቸው ሰዎች እንኳ ከአንድ ገጽ ላይ ፈረሙ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሽማግሌው፣ ቀጥሎ ባለቤቴ። ኩባንያው ጭማሪውን ቀነሰ። የዚያን ቀን ጎረቤታችን የፖም ወይን ይዘው መጡ፤ ባለቤቴም ሳይወደው ጠጣላቸው። ሰሌዳዋ እሳቸው ዘንድ ቀረች፤ ኩባንያው መልሶ ይሞክረናል ብለው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሰፈሩ ቀስ እያለ ባዶ ሆነ። የባንኩ ቅርንጫፍ ተዘጋ፣ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ። እኔ ሳይነጋ ተነስቼ መሃል ከተማ አንድ የባንክ ፎቅ ላይ ቢሮ አጸዳ ነበር። ከዚያ ከፍታ በጠራ ቀን የፋብሪካችን ጭስ ይታያል። አንዳንዴ ለጎረቤታችን ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ሳይነኩ የሚጣሉትን የምግብ ሳህኖች፣ በየዓመቱ የሚቀየረውን ምንጣፍ። ከልብ ይሰሙኝ ነበር። በኋላ በኋላ መስማት ተዉ። ስደተኛ አይግባ የሚለው የአዲሱ ፓርቲ በራሪ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ መታየት ጀመረ። ባለቤቴ አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ ይለኛል። "የተከፋ ሰው ነው፤ ይለፍለት" ይል ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልቡ ቆመ። ብርድ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሰው ቤታችንን ሞላው፤ የአገራችን ወጣቶች ከአየር ማረፊያ የሥራ ፈረቃቸው፣ የምናውቃቸው ኤርትራውያን ሽማግሌዎች ከየሰፈሩ መጡ። እኔ ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ሄር ናህባር አልመጡም። ሦስት ቀን ጠበቅኋቸው። ከፖስታ ሳጥኔ ጥቁር ጠርዝ ያለው ካርድ አገኘሁ፤ የታተመ ቃል፣ ከሥሩ የሳቸው ስም። ካርድ። አንድ ፎቅ፣ ሁለት ፎቅ ወጥተው እጄን መያዝ አቅቷቸው ካርድ። መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። ሽሮ መላኩንም ተውኩ።

በዓመቱ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ እሳቸው ናቸው፤ ሰሌዳዋ በእጃቸው። መጀመሪያ ኪራይ ተጨመረ ብዬ አሰብኩ። ሰሌዳዋ ላይ ያለውን ወረቀት አነበቡልኝ። በትምህርት ቤቱ አሮጌ የስፖርት አዳራሽ ሃይም፣ ማለትም የስደተኞች ማደሪያ፣ ሊከፈት ነው፤ ፊርማው ያ እንዳይሆን የሚጠይቅ ነበር።

"አንቺ እንደነሱ አይደለሽም፤ ሠርተሽ የበላሽ ነሽ" አሉኝ።

ባለቤቴም ወደዚህ አገር ሲመጣ የተኛው ሃይም ውስጥ እንደነበር ነገርኳቸው። ያንን ያውቃሉ፤ እሱ ራሱ ነግሯቸዋል። ጊዜው ሌላ ነበር አሉ። ከዚያ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ኖርድኤንድ ላይ፣ ለምን አይከፍቱትም ብለው ጠየቁኝ፤ ሀብታሞቹ በረንዳቸው ላይ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ጨርቅ ሰቅለው፣ ሰዎቹን ወደኛ ይልካሉ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኖርድኤንድ ደረጃ አጸዳ ስለነበር ጨርቁንም ዓይቼዋለሁ፣ ሃይም እንደሌለም አውቃለሁ። ግን አዳራሹ ውስጥ የሚተኙት ሰዎች ኪራያችንን አልጨመሩብንም። ይህንንም አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

ያን ጊዜ ያስለቀሰኝ ሃይሙ አልነበረም።

"ለቅሶ አልመጡም" አልኳቸው።

"መጥቻለሁ" አሉ። "እዚህ በር ድረስ ወጥቼ ነበር። ያን ሁሉ ጫማ ሳይ ተመለስኩ። ማንም አልጠራኝም።"

እኛ ዘንድ ለቅሶ በጥሪ አይኬድም። እነሱ ዘንድ ደግሞ ያዘነ ሰው ቤት ሳይጠሩ አይገባም፤ ካርድ ይላካል። ይህን ያወቅሁት ያኔ ነው። ካወቅሁም በኋላ ግን ቁጣዬ አልበረደም። ሰሌዳዋ የባለቤቴ ናት፣ መልሱልኝ አልኩ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከመቆንጠጫው አወጡ። ሰሌዳዋን ገልብጠው ሰጡኝ።

"ጀርባዋ ላይ የሱ ጽሕፈት አለ" አሉ። "ምን እንደሚል አላውቅም።"

በሩን ዘግቼ አነበብኩት። በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ በየትኛው ሰዓት የማን ቤት እንደሚንኳኳ የጻፈው ማስታወሻ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ግራ፦ የሌሊት ሠራተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ። ሁለተኛ ፎቅ ቀኝ፦ ጆሯቸው ከባድ ነው፣ ጠንከር አድርግ። አንደኛ ፎቅ፦ ሕፃን አለ፣ ደወል አትንካ። መጨረሻ ላይ፦ "ታችኛው ቤት፦ ማንኳኳት አያስፈልግም። ቤቴ ነው።"

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደረጃው ላይ ተገናኘን። የገበያ ከረጢታቸውን አስቀመጡና "አነበብሽው?" አሉኝ።

"አዎ። የሰዎቹ ሰዓት ነው፤ መቼ እንደሚንኳኳ" አልኩ።

"እኔስ አለሁበት?"

"ሁሉም ሰው አለበት" አልኳቸው። ከዚያ አልፌያቸው ወጣሁ።

ሃይሙ ተከፈተ። በተከታዩ ዓመት ኩባንያው የቤቱን ግድግዳ አድሶ አዲስ ኪራይ ጠየቀ። ፊርማ ያሰባሰበ ሰው አልነበረም። ሰሌዳዋ እኔ ቤት ተሰቅላ ነበር፤ አላወረድኳትም። የሽማግሌው ጡረታ ለአዲሱ ኪራይ አልበቃም። ከከተማ ውጭ እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ነው ሲባል ሰማሁ። የተጓዙ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አየኋቸው። አንድ ወንበር፣ ሁለት ሻንጣ፣ የሚስታቸው የአበባ ማሰሮ። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ቀና ብለው ወደ መስኮቴ አዩ። እጄን አላነሳሁም።

አሁን በሳቸው ቤት የሚኖሩት ሁለት ወጣቶች ጠዋት ጠዋት መሃል ከተማ ወደ አንዱ የባንክ ፎቅ ይሄዳሉ። ጨዋ ናቸው፣ ሰላም ይሉኛል።

ከሰሌዳዋ ጀርባ የባለቤቴን የመጨረሻ መስመር ወደ ጀርመንኛ መልሼዋለሁ። ጥቁር ጠርዝ ያለውን ካርድ ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ከሳቸው ስም ሥር በተረፈው ባዶ ቦታ ጻፍኩት። አድራሻቸውን ግን ከማን እንደምጠይቅ አላውቅም።