ይመለሳል የተባለው ልጅ

ልብስ ሰፊው ባህሩ የመጀመሪያ ልጁን «ይመለሳል» ብሎ ስም ሲያወጣለት በልቡ የነበረው ክርስቶስ ነው። ጴንጤ ነበር፤ ጌታ በቶሎ ይመለሳል ብሎ ያምናል። ልጁ የተወለደው ግን ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ ሰሞን ስለሆነ ስሙን የሰማ ሁሉ ሌላ ይጠረጥር ነበር። ታቦር ተራራ ሥር ያሉ ጎረቤቶቹ ጊዜው ክፉ ነው፣ ለውጠው ብለው መከሩት። ባህሩ በእግዚአብሔር ፊት ያወጣሁለትን ስም አልነሳውም አለ።

ሚስቱ ሮማን ግን ፈራች። ልጇ ደጅ ሲጫወት ጮክ ብላ መጥራት ስለማትደፍር፣ ራሷ ወጥታ እጁን ይዛ ታስገባው ነበር።

ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ባህሩ ታሰረ። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላ ሰው በቤቱ እየሰበሰበ ያስጸልያል ተብሎ ነው ቀበሌ የወሰደው። ሮማን ጊዜ ሳታጠፋ ልጁን በሌላ ስም አስመዘገበችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ደረሰ ነው» አለችው። «የድሮውን ለሰው ከተናገርክ አባትህን ይገድሉታል።»

ልጁ ይህን አመነ። ክፍል ውስጥ መምህሯ ደረሰ ብላ ስትጣራ ግን አፉን መክፈት ያቅተዋል፤ ጆሮው ይደክማል ተባለ።

አንድ እሁድ እናትና ልጅ ለባህሩ ምሳ ይዘው ቀበሌ ሄዱ። በር ላይ ያለው ጠባቂ ልጁን ስሙን ጠየቀው። ደረሰ እባላለሁ አለ። እስረኞቹ ፀሐይ ሊሞቁ ግቢው ውስጥ ወጥተው ነበርና ባህሩ ልጁን አየው። ስለ አዲሱ ስም የነገረው ሰው የለም።

«ይመለሳል!» ብሎ ተጣራ።

ልጁ እዚያው እንደቆመ ሱሪው ላይ ሸና። ጠባቂው አንዴ አባቱን አንዴ ልጁን አየና የቀበሌውን ሊቀመንበር ግዛቸውን ጠራው። ግዛቸው ሽጉጡን እንደታጠቀ መጥቶ ሮማን ፊት ቆመ።

«ማነው የሚመለሰው? ንጉሡ?»

ሮማን የምሳውን ቋጠሮ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አባቱ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ልጁ አባቴን እያለ ሲያለቅስብኝ ይመለሳል እያልኩ ነው የማባብለው። አባቱም ይኸው፣ እንዳያለቅስ ያንኑ ይነግረዋል።»

ግዛቸው ጎንበስ ብሎ እውነት ነው ወይ ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁ የእናቱን ቀሚስ ያዘ። ግዛቸው የራሰውን ሱሪ አየ፤ ከዚያ ምሳውን ሰጥታችሁ ሂዱ አላቸው። ይመናት አይመናት ሮማን አላወቀችም። በጓሮ መንገድ ወደ ቤት ስትመለስ ከኋላዋ የሚጠራትን ድምፅ እየጠበቀች ነበር። ክረምቱን ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር መጡ ትል ነበር።

ባህሩ ዝናቡ ሲያባራ ተፈታ። ከስቶ ነበር። ፒያሳ ያለችውን ሱቁን ከፍቶ መስፋቱን ቀጠለ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ለሚኒስትሪ ፈተና ሊመዘገብ ሲል፣ አሁንስ እንግዲህ በእውነተኛ ስምህ ተመዝገብ አለው።

«አባዬ፣ ደረሰ ይሁንልኝ» አለ ልጁ። «ያኛውን ስሰማ እስካሁን የሚገድሉህ ይመስለኛል።»

ባህሩ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አውጥቶ እሺ አለው።

ከዚያ ወዲያ በአንዱም ስም ጠርቶት አያውቅም። ሰው ፊትም ይሁን ለብቻቸው፣ ልጄ ነው የሚለው።