ሦስቱ የተቆረጡ የገመድ ራሶች

ኬብል ዘርጊው አጎቱ ወጣቱን ሙያ ሲያስተምሩት የመጀመሪያው ትእዛዛቸው «ጻፍበት» የሚል ነበር። በየገመዱ ጫፍ ወረቀት ያስራሉ፤ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው ያሰፍሩበታል። «ያልተጻፈበት ገመድ የእባብ ወንድም ነው፤ ራሱ የት እንዳለ የምታውቀው ሲነድፍህ ነው» ይሉት ነበር። የሚሠሩበት የወተት ፋብሪካ ሠራተኞች «ቋጠሮ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እሳቸው ያሰሩትን የሚፈታ የለምና። እሱም፣ የእህታቸው ልጅ፣ ኮምፒውተር ተምሮ እዚያው ሲቀጠር «ሊኑክስ» ተባለ።

ሥራው የማቀዝቀዣ ክፍሎቹን ሙቀት እያነበቡ ለቢሮ የሚልኩ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን መትከል ነበር። እያንዳንዷ መዳፍ የምታህል ቦርድ ናት፤ በውስጧ ቅጽል ስሙን ያገኘበት ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ይሠራል፤ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ግን የላትም። ስለዚህ በዩኤስቢ ቀዳዳዋ አዳፕተር ይሰካል፤ በአዳፕተሩ የአጎቱ ገመድ ይገባል። ከቦርዶቹ አንዷ ሁለት አዳፕተር ነበራት፤ በበራች ቁጥር ለሁለቱ የምትሰጣቸውን ስም እያቀያየረች አስቸገረችው። እሱም እያንዳንዱን ስም ከአዳፕተሩ መለያ ቁጥር ጋር አቆራኘው። ሠራ። ደስ አለው። ወረቀት ግን አላሰረበትም፤ ለአጎቱም አልነገራቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ አዳፕተር በእርጥበት ተበላሸ። አጎቱ ከመሳቢያ ቁርጥ እሱን የሚመስል አውጥተው ተኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለቢሮ ግን ምንም አይደርስም። የገመዱን ራስ ቆርጠው ሌላ ገጠሙ፤ ያው ነው። ሦስት ጊዜ ገጠሙ። በዚያው ቀን ማቀዝቀዣው ቆሞ ኖሮ፣ ማንም ሳያውቅ አንድ ክፍል ሙሉ ወተት ተበላሸ።

ሊኑክስ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሠራተኛው ከቧል። ቦርዷን ከፍቶ ቢያይ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። እሱ ግን መሬት ላይ የወደቁትን ሦስት የገመድ ራሶች አየ።

«ገመዱ ነው» አለ። «የጋሼ እጅ አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ባይነኩት ይሻላል።»

አጎቱ ፒንሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። እሱ አዲስ ቦርድ ከነአዳፕተሩ ተክሎ፣ አሮጌዋን ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጣላት።

ፋብሪካውን ከለቀቀ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ ፈልጓት አበራት። አጎቱ የተኩት አዳፕተር እንደተሰካ ነበር። ቦርዷ ቁጥሩን ስለማታውቀው ሌላ ስም ሰጥታዋለች፤ የኔትወርክ አድራሻው ግን የተመደበው ለቀድሞው ስም ነው። ስሙን ከቁጥሩ ያቆራኘችውን መስመር የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

አጎቱን ቤታቸው አገኛቸው። የራዲዮናቸው ገመድ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

«ሠሪ ጠርቻለሁ፤ ነገ ይመጣል» አሉት።

«ጋሼ፣ ያኔ ገመዱ ደኅና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሦስቱም ራስ?»

«ሦስቱም።»

የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ አንስተው አዩት። «እኔ እኮ አምኜህ ነበር። አንተ ስትል ጊዜ፣ እውነትም እጄ ከድቶኛል አልኩ። ፒንሳውን ለጎረቤት ሰጠሁት።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«የእህቴን ልጅ ምን አደርገዋለሁ? ይቅር ብያለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ እንጂ፣ ያን ሁሉ ቅቤ ስናመርት ኖረን!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ብቻ በተናገርክበት ቦታ ሂድና ተናገር።»

በማግስቱ ወደ ፋብሪካው ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ተቀይረዋል፤ የዚያን ቀን ከከበቡት ሠራተኞች የቀረ የለም። አሮጌው ዘበኛ ብቻ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቋጠሮን ያስታውሷቸዋል?»

«ቋጠሮ፣ ቋጠሮ…» ዘበኛው ግንባራቸውን አሹ። ፊታቸው በራ። «አዎ! እኒያ እጃቸው አርጅቶ ወተቱን ያበላሹት?»

«አይደለም፣ አባባ» አለ ሊኑክስ። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ አዳፕተር ምን እንደሆነ ከማስረዳት ጀመረ።