የአል-ማንሺያው ቤት እህት

እናቴ ትሠራበት የነበረው የአል-ማንሺያ ሰፈር ቤት ፊቱ አውሮፓ፣ ጀርባው ካርቱም ነበር። ከመንገድ ሲያዩት ምንም የማይሸከሙ ዓምዶች፣ ከበሩ በላይ ሁለት የፈረስ ራሶች፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ የተተከሉ ትልልቅ የናስ ቀለበቶች፣ ደግሞም በረዶ እንዳይከማችበት ሹል ተደርጎ የተሠራ ጣራ ነበረው። ካርቱም ውስጥ በረዶ የሚገኘው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ያ ቤት ይቁም አይቁም አላውቅም። እናቴ ዛሬ ደሴ ናት፤ ቤቱ ባይቆምም እንባ አላባክንበትም።

ቤቱን ያሠራው አሠሪዋ፣ ሁሉም ሐጅ የሚለው ነጋዴ፣ አንድ ጊዜ ቡዳፔስት ሄዶ አንድ ሕንጻ ዐይኑ ገባ። እናቴ «እሳቸው» ነበር የምትለው፤ እኔ አንደበቴ እምቢ ይለኛል። የሕንጻውን ፊት ለፊት ፎቶ አንሥቶ መጣና ለግንበኞቹ «ይህንን» አላቸው። እነሱም ይህንኑ ሠሩለት። ፎቶው ጀርባውን ስለማያሳይ የኋላውን እንደመጣላቸው አደረጉት።

እንደመጣላቸው ካደረጉት አንዱ የእናቴ ክፍል ነው። ከጄኔሬተሩ አጠገብ ያለች፣ በር እንጂ መስኮት የሌላት ክፍል። ያደግሁት እዚያ ነው። እናቴ አስም አለባት። አልጋዋን ግቢ አውጥታ እንዳትተኛ ዘበኛውና ሾፌሩ ወንዶች ናቸው፣ ነውር ነው ብላ የሐጁ ሚስት፣ ሐጃ፣ ከልክላታለች። በሩን ከፍታ መተኛትም እንዲሁ ነውር ነው። ሙቀቱ ሲብስ ደረቷ እያፏጨ «አብሽሪ፣ ያልፋል» የምትለኝ እሷው ነበረች። የመኖሪያ ወረቀቷ በሐጁ ስም ስለሆነ ጥላ ልትሄድ አትችልም። አንድ ቀን ደፍራ ትንሽ መስኮት ይከፈትልኝ ብላ ጠየቀች። ሐጃ «ግድግዳው ይበላሻል፤ ኢንሻ አላህ ወደፊት» አለቻት። ኢንሻ አላህ በዚያች ሴት አፍ እምቢ ማለት ነበር።

እነዚያን የናስ ቀለበቶች እናቴ ሐሙስ ሐሙስ በሎሚና በአመድ ትወለውላቸዋለች፤ ዐርብ እንግዳ ይመጣልና። ሐጃ የአበባ ማንጠልጠያ ናቸው ትል ነበር። አንድም ቀን አበባ ተንጠልጥሎባቸው አላየሁም።

የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ሥነ ሕንጻ ልማር ወደዚያው ወደ ቡዳፔስት ስሄድ ከእናቴ ይልቅ ሐጃ ፈነጠዘች። «የቤታችንን እህት ፈልጊና ፎቶ አንሺልን። ያንቺም ቤት አይደል?» አለችኝ። የእኔ ቤት የጄኔሬተሩ ጎረቤት መሆኑን የረሳች ትመስል ነበር።

አብረውኝ የሚማሩት አንገታቸው እስኪጣመም ወደ ላይ እያዩ በየመንገዱ ሲደነቁ እኔ አልተደነቅሁም። የሐጁን ቤት የማውቅ ሰው ነኝ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን የድንጋይ ግድግዳ በቁልፌ ጫር አደረግሁት፤ ድንጋይ እንዲመስል መስመር የተሰመረበት ልስን ነው፣ ከሥሩ ተራ ጡብ። ጢማም የሽማግሌ ሐውልቶች ሰገነት በትከሻቸው ተሸክመው ያቃስታሉ፤ ሰገነቱን የያዘው ግን ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። ዓምዱ ከግሪክ፣ ጉልላቱ ከጣሊያን የተወሰደ። ሐጁ የሰረቀው ከሌባ ላይ ነው ማለት ነው። በትልቁ በር ገብቼ ጓሮውን ሳይ ደግሞ የለመድሁትን አገኘሁ፤ ለባለቤቶቹ ሰፊ የእብነ በረድ ደረጃ፣ ለሠራተኞቹ ከኋላ ጠባብና ጨለማ ደረጃ። የሕንጻ ታሪክ የሚያስተምረን መምህር ግን ይህን ሁሉ እያየ ዐይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ናቅሁት።

አንድ ቀን ይኸው መምህር ሊያስጎበኘን ይዞን ወጣ። አንድ ጎዳና ላይ ቀና ስል የሐጁ ደጃፍ የቆምሁ መሰለኝ። ዓምዶቹ፣ የፈረስ ራሶቹ፣ ቀለበቶቹ፣ ሁሉም አሉ። መምህሩ አንዱን ቀለበት አንሥቶ ለቀቀውና «ፈረሶቹ የሚታሰሩት እዚህ ላይ ነበር» አለ። ሕንጻው የአንድ የድሮ ባለጸጋ የፈረስ ጋጣ ነው። ባለጸጋው የሚኖርበት ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ሐጁ ለመኖሪያ ቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ጋጣውን ነው ፎቶ ያነሣው። ሳቄ አመለጠኝ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ውስጥ ስንገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ከኋላ ጋጣዎቹ በተርታ አሉ፤ እያንዳንዱ ጋጣ ከፍ ብሎ የሚከፈት የራሱ መስኮት አለው። ለምን እንደሆነ መምህሩን ጠየቅሁት። «ፈረስ አየር ካጣ ሳንባው ይታመማል» አለኝ፣ ይህ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። የእናቴ ክፍል ትዝ አለችኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ለዕረፍት ካርቱም ስመለስ ዐርብ ነበር፤ ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ሐጃ እጄን ይዛ መሀል አስገባችኝና «ሙሐንዲሳችን መጣች! ያላ፣ ንገሪያቸው፤ የቤታችንን እህት አየሻት?» አለች። ሐጁ ሶፋው ላይ ተመቻቸ። ጋጣ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየኋት፤ ትሪውን ይዛ ጥቂት ደረጃ በመውጣቷ ብቻ ደረቷ ያፏጫል። ቃሉን ዋጥሁት።

«አይቻታለሁ» አልሁ። «ቁርጥ ይህን ቤት ናት። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላችኋል። እዚያ ከኋላ ያሉት ክፍሎች ሁሉ መስኮት አላቸው። የሚያውቅ ሰው መጥቶ ቢያይ ይታዘባችኋል።»

ሐጁ ደነገጠ። ለእናቴ ትንፋሽ ያልደነገጠ ሰው ላልመጣ እንግዳ ትዝብት ደነገጠ። በማግስቱ ግንበኛ መጣ። ግድግዳው ይበላሻል ያለ ሰው አልነበረም።

መስኮቱ አልቆ እናቴ አልጋዋን ሥሩ ካስጠጋች በኋላ ሳቄን ይዤ መቆየት አቃተኝና ሁሉንም ነገርኋት። ስትወለውላቸው የኖረችው ቀለበቶች የፈረስ ማሰሪያ መሆናቸውን፣ ቤቱም የጋጣ ቅጂ መሆኑን። አብራኝ እንድትስቅባቸው ነበር የፈለግሁት። አልሳቀችም።

«ፈረሶቹ መስኮት ነበራቸው?» አለችኝ።

«እያንዳንዳቸው፣ እማ።»

መስኮቱን አየችው። ነፋሱ የሻሿን ጫፍ ያነሣዋል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ልጄ። ወላሂ ከሰሙ መልሰው ይደፍኑታል» አለችኝ። ሐሙስ ስለነበረ ሎሚዋንና ጨርቋን ይዛ ወደ ቀለበቶቹ ሄደች።