«ጆግ» ማለት

ባለፈው ሳምንት አዳማ ላይ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሶማሌ እናት በስልክ ከልጇ ጋር ታወራ ነበር። ከወሬዋ መሀል «ጆግ» የምትል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጥልቅ አለች። የምወርድበትን አልፌ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጅጅጋ አቧራ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ልንገርህና ይውጣልኝ።

አባቴ ከመሀል አገር ጅጅጋ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። ከጎረቤታችን ከዘፋኙ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሰውየው ጉናጋዶ አካባቢ፣ ውሃ ጉድጓድ ዳር ለግመሎች እየዘፈኑ ነው ያደጉት። ከብት በጫነ መኪና ደገሀቡር ገቡ፣ ከሰርግ ሰርግ ዞሩ፣ በመጨረሻ ጅጅጋ ረግተው ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው እያወጡ ካሴት አስቀረጹ። ከሰዓት በኋላ የዑዳቸውን ክሮች ሲቃኙ አጥሩ ራሱ ይነዝር ነበር። «አዴር» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ እሳቸውም መልሰው እኔኑ «አዴር» ይሉኛል። የእነሱ ወግ እንዲህ ነው፤ እኔ ግን ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ክፍሌ ጠባብ፣ መስኮቷ ብረት የተበየደባት፣ ካርቦንና ላብ የምትሸት ነበረች። አንድ ቀን የበዓል ዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ ገቡና አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉ። አዴር ለበዓሉ ያዘጋጁት የአዲስ ዘፈን ግጥም ነበር። ሰብሳቢው ሶማሊኛ አያነቡም።

«ሶማሊኛ ትችያለሽ አይደል? እስከ አሥር ሰዓት በአማርኛ አድርሺልኝ» አሉኝ።

እንዴታ! ኩራቴን ብታየው።

እኔ ሶማሊኛ የተማርኩት ሚኒባስ ላይ ነው። «ጆግ!» ሲባል መኪናው ይቆማል፤ ኬላ ላይ ወታደሩ «ጆግ!» ሲል ሰው ይቆማል። ስለዚህ «ቁም!» ብዬ መታሁት። በሶማሊኛ ደግሞ ትእዛዝ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔ ሁሉንም ወንድ አደረግኩት። «ቁም! መንጋውን ወዴት ነው የምትነዳው? ዝናቡ እየመጣ ነው።»

ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «መንጋው ማነው? ነጂውስ?» አሉ፣ እኔን ሳይሆን ጣሪያውን እያዩ።

የአዴር ስም ከፕሮግራሙ ተሰረዘ። ባለሱቆቹ ካሴታቸውን ከመደርደሪያ አወረዱ። ሳያስፈቅዱ ከከተማ እንዳይወጡም ተነገራቸው። ሜዳ ላይ ለግመል ሲዘፍኑ ያደጉ ሰው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተዘግተው ዋሉ። ዑዱ በሽርጥ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ፤ ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማኝ ሳላቸው ብቻ ሆነ።

ከወር በኋላ ሚስታቸው ልብስ ሲያሰጡ አንድ ዜማ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ቃሉን አወቅኩት፤ ያ የበዓሉ ግጥም ነው። ስለ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«በልጅነቱ የወደዳት ልጅ ናት» አሉ እየሳቁ። «ቤተሰቦቿ ግመላቸውን ነድተው፣ ዝናብ ተከትለው ሲሄዱ ነው። ‹ጆግ› ይላታል፤ ቆዪ፣ ዝናቡ እዚሁ ይመጣል ነው የሚላት። ዋላሂ፣ እኔ እንኳ አልቀናሁም።»

ቆዪ። ማታውኑ ለአባቴ ነገርኩት። የሚያርምበትን ቀይ እስክሪብቶ አስቀመጠና በሹክሹክታ፣ «አፍሽን ያዢ። ዛሬ ተሳሳትኩ ብትይ፣ ነገ ማን አሳሳተሽ ይሉሻል» አለኝ። ያዝኩ። በየጠዋቱ በሰብሳቢው በር ሳልፍ እጄ ሊያንኳኳ ይነሳል፣ ይወርዳል። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

መስከረም ላይ ለትምህርት ሐረር ተመደብኩ። የምሄድ ቀን ጠዋት አዴር መናኸሪያ ድረስ መጡ። ከስተዋል። በአውቶቡሱ መስኮት እጄን ያዙና፣ «ወረቀቱን አሳይተውኛል። ይሄንን የተረጎመ ሰው ሶማሊኛ የተማረው ከሚኒባስ ረዳት ነው አልኩ» አሉኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ቀና ስል ዓይናቸው አይስቅም።

«አዴር፣ አንድ ቃል ናት። ገብተሽ ብትነግሪያቸው እኔም እወጣለሁ» አሉኝ።

«ስመለስ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

አልተመለስኩም። አባቴም በዚያው ዓመት ተዛወረ። አዴር ዳግም መድረክ ሳይወጡ ማረፋቸውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በስልክ ነው።

የማይለቀኝ ግን መኪናው ሲነሳ የሆነው ነው። እጄን ለቀቁኝና በዚያ በጉድጓድ ዳር ድምፃቸው «ጆግ» አሉ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ረዳቱ በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ማነው ወራጅ?» አለ። በዚህ ጊዜ ትርጉሙን አልሳትኩም።

«ወራጅ የለም፣ ሳበው» አልኩት።