ዲላ ላይ «አይሆንም» ያልኩ ቀን

ጣሊያኖች ዲላ ላይ ያጎሩን የአንድ ነጋዴ ቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ገፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የጀንፈል ሽታ ነው፤ ሰዎቹን ያየኋቸው ዓይኔ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ነው። የተያዝኩት ማንነቴን ደብቄ ገበያ ላይ ጨው ስሸጥ ነበር። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ የምክር ቤት አባል እንደነበርኩ ለጣሊያኑ መኮንን ያሳበቀብኝ አስተርጓሚው ነው።

አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እሳቸው የታሰሩት ሶንጎ፣ የአገሩን የሽማግሎች ሸንጎ፣ በመሰብሰባቸው ነው።

«ሥራህ ምን ነበረች?» አሉኝ፣ ወንዴና ሴቴ በሚቀላቅል አማርኛቸው።

«ሕግ ማውጣት ነበር፣ አባቴ።»

«አይሆንም ብለህ ታውቃለህ?»

አሰብኩ። ረቂቁ ይነበባል፤ እኛም እጅ ነስተን «ይሁን» እንላለን። «አላውቅም» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «አቶ ይሁን» ሆነ።

የምንበላው የእስረኞቹ ሚስቶች በኮባ ጠቅልለው የሚያመጡትን ቆጮ ነው። ለእኔ ለባይተዋሩ የሽማግሌው ባለቤት ይጨምሩልኝ ነበር። እንደ እናቴ ነው የምወዳቸው።

አንድ ማለዳ ያው አስተርጓሚ ከመኮንኑ ጋር ተጣልቶ፣ ፊቱ አብጦ፣ እኛው ላይ ተወረወረ። ጠያቂ የለውም። ቆጮው ሲመጣ ማንም አልቆረሰለትም። በማግስቱ ሽማግሌው ሶንጎ ጠሩ። ጉዳዩ አንድ ነበር፤ ሰውየው ይብላ ወይስ አይብላ?

ሁሉም በየተራው ተናገረ። «አይብላ! እኛን ያስበላን እሱ አይደል?» አሉ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ሰው ከቀረ ሶንጎ አያልቅም። አቶ ይሁን፣ ምን ትላለህ?»

ከሁሉም አብልጬ ሰውየውን የምጠላው እኔ ነበርኩ። ግን ዓይኑን ከኮባው ላይ መንቀል አቅቶታል።

«አይሆንም፤ ይብላ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«በማን ቆጮ ነው ቸር የምትሆነው?» ብሎ አንዱ ጮኸብኝ።

«በእናንተ ነው። እሱ ካልበላ ግን እኔም አልበላም።»

ክርክሩ ጦፈ። ዘበኛው በሩን በሰደፍ እየደበደበ ዝም በሉ ሲል፣ ሽማግሌው «ቆይ፣ ሰው እየተናገረች ነው!» አሉት። ወደ ማታ ግድም አንድ በአንድ ለዘቡ። ሽማግሌው ቆጮውን ቆርሰው መጀመሪያ ለአስተርጓሚው፣ ቀጥለው ለእኔ ሰጡ።

«ሥራህን ዛሬ ጀመርክ» አሉኝ። አስተርጓሚው እያኘከ ያለቅስ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ወደ ምክር ቤት ተመለስኩ። አንድ ቀን ያላመንኩበት ረቂቅ ሲነበብ ብድግ ብዬ «አይሆንም» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ አብደሃል ወይ እያለ ኮቴን ይጎትት ነበር። ሕጉ አለፈ። እኔም ወደ ዲላ በሚወርድ የጭነት መኪና ለሽማግሌው ጨው ላክሁና፣ «አቶ ይሁን ዛሬም ሥራ ገብቷል በሏቸው» አልኩ።

መኪናው ሲመለስ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አመጣልኝ። ሾፌሩ መልእክቱን ነገረኝ፤ «ለብቻህ አትብላ፣ ከተከራከረህ ሰው ጋር ብላ» ብለዋል።

ኮቴን የጎተተውን ባልደረባዬን ጠራሁት። አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ዛሬም በዚያ ረቂቅ አልተስማማንም፤ ምሳ ግን አብረን ነው የምንበላው።